ታፔላ የሌለው የታፔላ ሱቅ፦ ፒፓውን ግዙ፣ ታፔላውን ግን በቀን ብርሃን

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። እኔ አላጨስም። ሲጋራም፣ ፒፓም፣ ሺሻም፣ ምንም። ፒፓ እሰበስባለሁ እንጂ አፌ ላይ አድርጌ እሳት ለኩሼ አላውቅም። ይህን የምለው ለእናንተ ብዬ አይደለም፤ ምናልባት ሰው ለእናቴ ካነበበላት ብዬ ነው። የመጀመሪያዋን ፒፓ ይዤ የገባሁ ቀን "በኔ ቤት ትምባሆ!" ብላ ሦስት ቀን አኩርፋኛለች። ቤቱን ጠበል ልታስረጭ ሁሉ ነበር። አሁን ፒፓዎቹ አስራ አንድ ደርሰዋል። የሚቀመጡት ቡፌው ውስጥ ከሲኒዎቹ ጀርባ ነው። የንስሐ አባታችን ሲመጡ ቡፌው ይቆለፋል፣ ቁልፉም እሷ ጋ ነው።

አልፈርድባትም። ትምባሆ በኛ አገር ነውር ሆኖ የኖረ ነገር ነው። አጼ ዮሐንስ ያጨሰን ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ፒፓ የሚሰበስብ ልጅ ማሳደግ ለጎጃም እናት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሱቁ። ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ብዙ ነው፤ ለቱሪስት የሚሆን መስቀልና ጀበና የሞላበት ማለቴ አይደለም፣ እውነተኛ አሮጌ ዕቃ ማለቴ ነው። ፒፓን ግን ከነስሙና ከነበሽታው የሚያውቅ ሰው ያገኘሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው። ሁለተኛው ምክንያቴ ደግሞ እዚያው ሱቅ ውስጥ መሸወዴ ነው። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

ሱቁ ስም የለውም። ምናልባት ንግድ ፈቃዱ ላይ ይኖረው ይሆናል፣ በሩ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ውስጡ ግድግዳው በሙሉ አሮጌ ታፔላ ነው፣ የትምባሆ፣ የመጠጥ፣ የጎማ፣ የነዳጅ። ውጭው ላይ አንዲት ታፔላ የለም። ይህን ለባለቤቱ ስነግራቸው "የኔን ታፔላ ማን ይገዛኛል ብለህ ነው?" አሉኝ። የምታገኙት እንዲህ ነው፦ ጊዮርጊስን ወደ ኋላ ትታችሁ ወደ ሐይቁ ስትሄዱ ከአስፋልቱ ገባ የሚል ኮብልስቶን አለ፣ ብስክሌት ጠጋኝ ታያላችሁ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው። ካልሆነላችሁ ብስክሌት ጠጋኙን "ጋሼ አሉ?" በሉት። ከሌሉም የት እንዳሉ ይነግራችኋል፣ ብዙ ጊዜ ቡና ላይ ናቸው።

ጋሼ (ስማቸውን አልጽፍም፣ አይወዱም) በጡረታ የወጡ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ናቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ። ስለዚህ ሱቅ ማወቅ ያለባችሁ ነገር ሁሉ ከዚህች የሚመዘዝ ነው። እንጨት ያውቃሉ። ቆርቆሮ አያውቁም።

ዕቃው ከየት ይመጣል? ዋናዎቹ አቅራቢዎች "ቁራሌው!" እያሉ ሰፈር ለሰፈር የሚዞሩት ልጆች ናቸው። ባሕር ዳር ደግሞ ፈረንጅ ያልኖረባት ከተማ አይደለችም። በ1950ዎቹ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው በጣሊያን የጦር ካሳ ሲቆም፣ ፖሊ (ፖሊቴክኒኩ) ደግሞ በሶቪየቶች እርዳታ ሲሠራ፣ ከዚያም ከዚህም የመጣ መሐንዲስና አስተማሪ እዚህ ከርሟል። ሰዎቹ ሲሄዱ የቤት ዕቃቸውን ለሠራተኛውና ለዘበኛው ትተው ነው የሚሄዱት። ዘበኛው ያርፋል፣ ልጆቹ ቤት ያጸዳሉ፣ ሳጥኑ ለቁራሌው ይወጣል፣ ከሳጥኑ ሥር አንድ ፒፓ ይገኛል። ጋሼ እንደሚሉት እጃቸው የገባው አብዛኛው ፒፓ መንገዱ ይህ ነው። አምናቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ከፒፓዎቹ ጋር የሚመጡት ዕቃዎችም ያንኑ ይመስላሉ፦ የሩሲያ ፊደል ያለበት ስላይድ ሩል (መሐንዲስ የሚያሰላበት ማስመሪያ)፣ የጣሊያን ቡና ማፍያ፣ የጠፋ ቁልፍ።

ፒፓዎቹ የተደረደሩት በአሮጌ የኬክ መስታወት ውስጥ ነው። አዎ፣ የኬክ ቤት። አንዱ ኬክ ቤት ሲዘጋ ገዝተውት ነው፣ ዛሬም ሲከፈት የስኳር ሽታ አለው ብል ውሸት አይሆንብኝም። ከላይ ቦምቦሊኖ ይቀመጥበት በነበረው መደርደሪያ ላይ ጥሩዎቹ አሉ፣ ከታች የተሰነጠቁትና አፋቸው የጠፋ።

መጀመሪያ የገባሁ ቀን እውቀቴን ለማሳየት አንዱን አንስቼ "ብራየር ነው አይደል?" አልኩ። ያኔ የማውቀው ከዩቲዩብ የለቀምኩትን ነው። ጋሼ ሳቁ። ፒፓውን ተቀበሉኝና ወደ መስኮቱ ዞር አድርገው የእንጨቱን መስመር አሳዩኝ፣ እንደ ነበልባል ወደ ላይ የሚሄድ መስመር፣ በጎኑ ደግሞ እንደ ወፍ ዓይን የተነጠበ። "ብራየር ፈረንጅ የሚጠራው ነው፤ አስታ ነው" አሉ። አስታ? ጉና ላይ፣ ጮቄ ላይ፣ ስሜን ላይ ያለው አስታ? "እሱው ነው፣ ያ አያትህ የሚያነዱት።"

አላመንኩም ነበር። ቤት ሄጄ ሳየው እውነታቸውን ነው። የሳይንስ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ ነው፣ ያው አንድ ዛፍ፣ ከኛ ደጋ እስከ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ድረስ የሚበቅል። ለፒፓ የሚፈለገው ግንዱ አይደለም። ከሥሩና ከግንዱ መገናኛ ላይ እንደ ዕጢ የሚያብጥ ጉጥ አለው፤ እሳት ወይ ድርቅ ግንዱን ሲያጠፋው ዛፉ እንደገና የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ጉጥ ነው። ለዚህም ነው እሳት የሚችለው። ጉጡ ተቆፍሮ ይወጣል፣ ይቆረጣል፣ ጭማቂው እንዲወጣ ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል፣ ከዚያ ለወራት ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ነው ፒፓ የሚሆነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሴን ክሎድ የምትባል የተራራ ከተማ አለች፣ ከ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚሁ ሥራ ነው ስሟ የተጠራው። ከዚያ በፊት ሰው በሸክላና በሌላ እንጨት ነበር የሚያጨሰው፣ ሸክላው ይሰበራል፣ ሌላው እንጨት ይቃጠላል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያች ቀን በፊት ፒፓ ለኔ የፈረንጅ ዕቃ ነበር። አሁን ሳያት አስታ ነች።

ጋሼ ከሌላ ነጋዴ የሚለዩበት ነገር ይህ ነው፦ የዕቃቸውን እንከን ራሳቸው ቀድመው ይነግሯችኋል። ሁለት ምሳሌ ልስጥ። ከመስታወቱ ውስጥ አንድ ቆልመም ያለች ፒፓ አየሁ፣ አንገቷ ላይ ነጭ የብረት ቀለበት ያላት፣ ቀለበቱ ላይ ሦስት ጥቃቅን ማኅተሞች የተመቱባት። የደብሊኑ ፒፓ ሠሪ የፒተርሰን ሥራ ናት። ብር ናት ብዬ ልቤ ዘለለ፣ የእንግሊዝና የአየርላንድ ብር እንዲህ ያለ ማኅተም እንዳለው አውቃለሁና። ጋሼ ግን ዓይኔን አይተው "ተው፣ ብር እንዳይመስልህ። ኒኬል ነው" አሉኝ። ማጉያ መነጽር አውጥተው አሳዩኝ፦ አንዱ ማኅተም ውሻ ነው፣ አንዱ ግንብ፣ አንዱ ሦስት ቅጠል። ፒተርሰን ኒኬሉ ላይ የሚመታው ጌጥ ነው፣ የብር ማረጋገጫ አይደለም። ብር ቢሆን ኖሮ ዋጋዋ ሌላ ነበር፣ እኔም ሳላውቅ የብር ፒፓ ዋጋ ከፍዬ እወጣ ነበር። እንጨቱ ላይ ደግሞ በደበዘዘ ፊደል "በአየርላንድ ሪፐብሊክ የተሠራ" የሚል አለ፣ በእንግሊዝኛ። አየርላንድ ሪፐብሊክ የተባለችው በ1949 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ ፒፓዋ ከዚያ ወዲህ ናት ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ደስ ይለኛል። አንድ ቃል አንብበህ ዕድሜ ታውቃለህ።

የአፏም አሠራር ልዩ ነው። የጢሱ ቀዳዳ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ላይ ነው የተከፈተው፣ ጢሱ ምላስን እንዳይለበልብ ወደ ላንቃ እንዲሄድ። የራሱ የፒተርሰን ፈጠራ ነው፣ ፓተንቱ የ1898 (እ.ኤ.አ.) ነው። 6,500 ብር አሉኝ፣ ተከራክረን፣ ቡና ጠጥተን፣ ወጥቼ ተመልሼ በ5,200 ወሰድኳት። ቡፌው ውስጥ ካሉት ሁሉ የምወዳት እሷን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ። ስለ ፒፓ ትንሽ የሰማ ሰው ሁሉ ዳንሂልን ያውቃል፣ አፉ ላይ ባለችው ነጭ ነጥብ። አልፍሬድ ዳንሂል ለንደን ዱክ ስትሪት ላይ ሱቁን የከፈተው በ1907 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ነጥቧም የመጣችው ብዙ ሳይቆይ ነው፤ ደንበኛው የቱ ወገን ወደ ላይ እንደሆነ እንዲያውቅ ተብሎ ነበር አሉ፣ ኋላ የሀብታም ምልክት ሆና ቀረች። ጋሼ ጋ ነጥብ ያላት አንዲት ጥቁር ፒፓ አለች። "ዳንሂል!" ብዬ ጮህኩ። "ነጥቧ ናት ዳንሂል" አሉኝ ቀዝቀዝ ብለው። እንጨቱ ላይ ማኅተም የለም። እውነተኛ ዳንሂል ላይ ስሙ ይኖራል፣ "ኢንግላንድ" ከሚለው ቀጥሎም ዓመቱን የምትጠቁም ትንሽ ቁጥር ትኖራለች። "ነጭ ፕላስቲክ በመርፌ ቀዳዳ መክተት ለማን ያቅተዋል፣ እኔ ራሴ በአምስት ደቂቃ እሠራልሃለሁ" አሉ። የጠየቁባት ዋጋ 1,800 ብር ነው፣ እንደ ተራ ፒፓ። አዲስ አበባ ውስጥ ያየኋት የሷ እህት 20,000 ብር ተጠርቶባት ነበር፣ ያለ ማኅተም፣ በነጥቧ ብቻ።

ከዚያ የሜርሻም ፒፓው አለ። እንጨት አይደለም፣ ድንጋይ ነው፣ ነጭ ቀላል ድንጋይ። ዋናው የሚወጣው ቱርክ ኤስኪሼሂር ነው። ስሙ በጀርመንኛ የባሕር አረፋ ማለት ነው። ሲጨስበት ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ማር መልክ ይለወጣል፣ ሰብሳቢዎች የሚያብዱለትም ለዚያ መልክ ነው። ጋሼ ጋ ያለው ጥምጥም ያሰረ ሽማግሌ የተቀረጸበት ነው፣ ጺሙ ሥር ማር መስሏል፣ ግንባሩ ገና ነጭ ነው። ስታነሱት እጃችሁ ይደነግጣል፣ ያን ያህል ቀላል ነው። "ጣና ላይ ብትጥለው እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል" አሉኝ፤ ደረቅ ሜርሻም ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ እኔም አንብቤአለሁ፣ ግን 14,000 ብር የተጠራበትን ነገር ጣና ላይ የሚሞክር ጀግና ካለ ይምጣ። ከአንገቱ ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለችው፣ እሷንም ያሳዩኝ ራሳቸው ናቸው። አልገዛሁትም። አልፎ አልፎ እየሄድኩ አየዋለሁ።

ጥግ ላይ ደግሞ ጋያ ተሰቅሏል። ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ፦ ቅል ነው፣ ውሃ ይደረግበታል፣ መቃ ይሰካበታል፣ ከላይ ትንሽ የሸክላ ራስ። ገጠር ሽማግሌዎች እሳት ዳር ጉር ጉር የሚያደርጉት። ጋሼ አይሸጡትም። አንድ ፈረንጅ መጥቶ የደቡብ አፍሪካ ቅል ፒፓ፣ ያንን ካላባሽ የሚሉትን፣ አላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ጋያውን አሳዩት፣ እሱም በፊልም የሚያውቀውን ዓይነት ካልሆነ ብሎ ወጣ። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል የሚባለው ለዚህ አልነበረም እንዴ።

አሁን ወቀሳ። መጀመሪያ ቀላሉን።

የኬክ መስታወቱ የተቀመጠው መስኮት ሥር ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ትገባበታለች። የአሮጌ ፒፓ አፍ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከኢቦናይት ነው፣ ጎማ ከድኝ ጋር ተጠብሶ ማለት ነው። ኢቦናይት ብርሃን አይወድም። ፀሐይ ሲያገኘው ጥቁርነቱ ይለቅና ቡናማ፣ ከዚያ የታመመ አረንጓዴ ይሆናል፣ በጣት ሲያሹት ደግሞ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ጋሼ ጋ ያሉት ግማሾቹ እንዲህ ሆነዋል። እንጨት የሚያውቅ ሰው ጎማ አያውቅም ማለት ነው። ስነግራቸው ተቀብለው በሚቀጥለው ቀን መስኮቱ ላይ አሮጌ ነጠላ ሰቀሉበት፣ ክብር ለሳቸው፣ ነጠላው ግን ስስ ነው፣ ፀሐይዋ አሁንም ታልፋለች። ከገዛችሁ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያረጠባችሁ ቀስ ብላችሁ አሹት፣ ከሻካራው ጀምራችሁ ወደ ለስላሳው፣ በመጨረሻ ዘይት ጠብ አድርጉበት። ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ ጥቁረቱ ግን ይመለሳል። ማኅተም ወይ ነጥብ ካለበት እዚያ ጋ ወረቀቱን አታስጠጉት፣ አንድ ጊዜ ከጠፋ አይመለስም።

ውስጡንስ? ጋሼ ፒፓውን አጽድተው አይሸጡም፣ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። የፒፓው ራስ ውስጥ፣ ትምባሆው በሚሞላበት፣ የተጋገረውን ከሰል በቢላ የሚፍቅ ነጋዴ አለ፣ ከከሰሉ ጋር እንጨቱንም ይዞ ይመጣል። ስስ የከሰል ልባስ እንጨቱን ከእሳት ይጠብቃል፣ ሲወፍር ግን በሙቀት እየሰፋ እንጨቱን ይሰነጥቃል፣ ስለዚህ መቀነስ እንጂ መንቀል አይደለም። ሽታው ደግሞ ይገድላል፣ የስልሳ ዓመት የሰው ትንፋሽ ነው። መድኃኒቱ ጨውና አረቄ ነው። እውነቴን ነው። ራሱን በጨው ሞልቶ፣ ከላይ አረቄ፣ ዳግሙን ካገኛችሁ ይመረጣል፣ በጠብታ እያረጠቡ ማሳደር። ጠዋት ጨው ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እናቴ አረቄውን ስትሸት ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሣ፣ እሱን ልተወው።

አሁን ወደ ዋናው ወቀሳ፣ ወደ ታፔላው።

የትምባሆ ማስታወቂያ ዛሬ መስቀል ክልክል ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011። ስለዚህ እነዚህ አሮጌ ታፔላዎች ከዘመናቸው የተረፉ ናቸው፣ ደስ የሚሉትም ለዚያ ነው። ጥሩዎቹ የኢናሜል ናቸው። ኢናሜል ማለት በቀላሉ መስታወት ነው። የተፈጨ መስታወት ብረት ላይ ይነሰነሳል፣ ከዚያ 800 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ ምድጃ ይጋገራል። ያ አያቶቻችን ቤት ያለው ነጭ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ የሆነ ኩባያ ያው ነው። እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ስለሚነሰነስና ስለሚጋገር ጣታችሁን ስታሳልፉበት ፊደሉ ከፍ፣ ዝቅ ይላል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣት የምታነቡት ነገር ነው። ሲመታ ደግሞ እንደ ሳህን ይፈነከታል፣ በፍንካቹ ውስጥ ጥቁር ብረት ይታያል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜ ምስማር ከገባበት ቀዳዳ ዙሪያ።

ይህን ሁሉ አሁን አውቃለሁ። ያን ቀን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ማታ ነው፣ መብራት ጠፍቷል። በስልኬ መብራት ግድግዳው ላይ አንድ ታፔላ አየሁ፣ በሕይወት አድን ጎማ ውስጥ ያለ ጺማም መርከበኛ፣ የእንግሊዙ ፕሌየርስ ትምባሆ ማስታወቂያ። ጥግ ጥጉ ዝጓል፣ ፈንከት ፈንከት ብሏል፣ ደስ ይላል። "ይሄ በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ከነበረ ቡና ቤት የወጣ ነው" አሉኝ ጋሼ። 7,000 ብር። ብዙም አልተከራከርኩም። በባጃጅ ጭኜ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ወሰድኩት።

እሁድ ጠዋት በረንዳ ላይ አወጣሁት። ዝገቱን በጣቴ ነካሁ። ለስላሳ። ፍንካቹን ነካሁ። ለስላሳ። እንደገና ነካሁ። ወገኖቼ፣ ዝገቱ የታተመ ነው። ሥዕል ነው። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የዝገት ፎቶ መርጦ ቆርቆሮ ላይ አትሞታል፣ እኔም 7,000 ብር የከፈልኩት ለዝገት ፎቶ ነው። ቆርቆሮው ራሱ በሁለት ጣት የሚታጠፍ ነው። ጀርባውን ስገለብጠው የሆነ ልጥፍ ተልጦ የቀረ ሙጫ።

የሚያናድደኝ ደግሞ ታሪኩ ራሱ አይሆንም ነበር። በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ የእንግሊዝ ትምባሆ ማስታወቂያ ማን ይሰቅላል? ጣሊያን የራሷ የመንግሥት ትምባሆ ሞኖፖል የነበራት አገር ናት፣ ከእንግሊዝ ጋር ደግሞ ያኔ ዓይንና ናጫ። ይህን ለማወቅ መብራት አያስፈልግም ነበር። ጭንቅላት ነበር የሚያስፈልገው።

ሰኞ ይዤው ሄድኩ። ጋሼ ምንም አልተከራከሩኝም። ጣታቸውን አሳለፉበት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ትንሽ ዝም አሉ። "እንጨት ቢሆን አይሸውደኝም ነበር" አሉ። 5,000 ብሩን በእጄ ሰጡኝ፣ በቀሪው የሩሲያ ፊደል ያለባትን ፒፓ ውሰድ አሉኝ፣ አስታ ያልሆነች፣ ከፒር ዛፍ የተሠራች ናት፣ ሶቪየቶች ብራየር ሲያጡ በሱ ነበር የሚሠሩት። ወሰድኳት። እንዲህ ዓይነት ነጋዴ ስንት አለ ብዬ ደስ እያለኝ ወጣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ መርከበኛው ግድግዳው ላይ ነው። በቦታው። 7,000 ብር።

"ጋሼ!" አልኩ።

"ለጌጥ የሚፈልግ አለ" አሉኝ። "ለሚጠይቀኝ አዲስ ነው ብዬ እናገራለሁ።"

"ላልጠየቀስ?"

"ላልጠየቀማ ምን ልበለው?"

እዚህ ላይ ነው ኮከብ የምቀንሰው። ፒፓ ላይ ሳይጠየቁ የሚናገሩ ሰው ታፔላ ላይ ካልተጠየቁ አይናገሩም። እኔ ሳስበው ክፋት አይደለም። ፒፓ ላይ የሚናገሩት ሙያቸው ስለሆነ ነው፣ ቢዋሹ በራሳቸው ያፍራሉ። ታፔላ ግን ለሳቸው ቆርቆሮ ነው። ከገዛችሁ በቀን ሂዱ፣ በጣታችሁ አንብቡ፣ ክብደቱን መዝኑ፣ ጀርባውን ገልብጡ፣ ጠይቁ። ከጠየቃችኋቸው አይዋሹም፣ ይህን እመሰክራለሁ።

ሌላው በአጭሩ። ጠዋት አይከፍቱም፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ ሂዱ። በወር 23 ጊዮርጊስ ነው፣ ዝግ ነው። በቴሌብር ይቀበላሉ፣ ግን በጥሬ ብር ከሆነ ዋጋው ትንሽ ይሳሳል። ብራና፣ ታቦት ነክ ነገር፣ የቤተክርስቲያን መስቀል አይገዙም፣ አይሸጡም፣ የሚያመጣላቸውንም ያባርራሉ። እኔ ፊት አንዱን ወጣት አባርረዋል፣ ብስክሌት ጠጋኙ እስኪሰማ ድረስ እየጮኹ። ለኔ ይህ ብቻውን ሱቁን ያስወድደዋል። ውጭ የምትኖሩ ደግሞ አሮጌ ነገር ይዛችሁ ልትወጡ ካሰባችሁ የቅርስ ፈቃድ ነገር አለ፣ አዋጅ 209/1992፣ ኤርፖርት ላይ ከምትጨቃጨቁ ቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ቀረ። (ለእናቴ የሚያነብላት ሰው ካለ ከዚህ በኋላ ያለውን ይዝለለው።)

ባለፈው ወር ከበሩ ጀርባ፣ ከመጥረጊያው ኋላ፣ አንድ ነገር ቆሞ አየሁ። ግማሹ በዝገት ተበልቷል። አወጣሁት፣ ከብዶኛል። ጣቴን አሳለፍኩበት፣ ፊደሉ ከፍ ዝቅ ይላል። "ሳሊ ኤ ታባኪ" ይላል። በጣሊያን አገር ጨውና ትምባሆ ሁለቱም የመንግሥት ሞኖፖል ነበሩና በአንድ ሱቅ ነበር የሚሸጡት፣ ሱቁም ይህን ታፔላ ይሰቅል ነበር፣ ጨውና ትምባሆ ማለት ነው። እውነተኛ ኢናሜል። በሱቁ ውስጥ ካለው ታፔላ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፣ ከመጥረጊያ ጀርባ ነው ያለው፣ ዝጎ። ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ "እሱ? በ2,500 ውሰደው፣ አያምርም" አሉ።

ወሰድኩት። ዋጋውን ብቻ ነው የተነጋገርነው። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። እስካሁንም አልነገርኳቸውም።

ከስብስቤ ሁሉ ሳሎን የተሰቀለው እሱ ብቻ ነው። እናቴ ምን ይላል ብላ ስትጠይቀኝ "ጨው" አልኳት።